የኤፍኒርስ ማርከርና ሲግናል አልገጣጠም ሲል፦ የጊዜ ስህተትን ደረጃ በደረጃ ማስተካከያ

ችግሩ ሁሌም በአንድ መልክ ነው የሚመጣው። ተሳታፊው ጣቱን አንቀሳቅሷል። ማርከሩ፣ ማለትም ሥራው የጀመረበትን ቅጽበት የሚያሳየው ምልክት፣ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሲግናሉም ንጹህ ነው። አማካዩ ሲወጣ ግን ኦክሲጅን የያዘው ሄሞግሎቢን ሥራው ገና ሳይጀመር ሽቅብ ይወጣል፤ ወይም ጫፍ ላይ የሚደርሰው በ10ኛው ሰከንድ ነው። ይሄኔ ብዙ ሰው ማጣሪያ ይቀይራል፣ ቻናል (የአንድ ብርሃን ምንጭና የአንድ ተቀባይ ጥንድ) ይጥላል፣ ብሎም ተሳታፊ ይሰርዛል። ጥፋቱ ግን ሰዓቱ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ እዚህ ጎንደር ውስጥ በኤፍኒርስ፣ ማለትም በብርሃን የአንጎልን የደም ለውጥ በሚለካው መሣሪያ፣ ለምትሠሩ ነው። ሁሉንም ደረጃ የሚገዛው ሕግ አንድ ነው፦ የብርሃኑን ዳታ አትንኩ፤ ማርከሩን ወደ ብርሃኑ ሰዓት አምጡት። ማርከር ቁጥር ብቻ ነው። በስህተት ብታንቀሳቅሱት መልሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። የተጎተተና የተለጠጠ ሲግናል ግን መጀመሪያ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አያውቀውም።

## በቅድሚያ፦ የትኛው ስህተት ነው የያዛችሁ?

"የጊዜ ስህተት" ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች የተለያዩ ናቸው። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

- ቋሚ መዘግየት። ማርከሩ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ቀላሉ ይሄ ነው።
- የሚዋልል መዘግየት፣ ጂተር። አንዴ 20፣ አንዴ 90 ሚሊሰከንድ። በኋላ በስሌት አይጠፋም፤ ከምንጩ ነው የሚቀነሰው።
- መንሸራተት፣ ድሪፍት። ሁለት ኮምፒውተሮች ወይም ኮምፒውተሩና መሣሪያው እኩል ፍጥነት አይቆጥሩም። ልዩነቱ በየደቂቃው ያድጋል።
- የጠፉ ፍሬሞች። ፍሬም ማለት የሁሉም ቻናሎች አንድ ዙር ልኬት ነው። በገመድ አልባ መሣሪያ ላይ የተለመደ ነው። ከጠፋበት ቦታ በኋላ ያለው ሁሉ በአንዴ ይፈናቀላል።
- የቻናል ተራ። ምንጮቹ በየተራ ስለሚበሩ ሁሉም ቻናል የሚለካው በአንድ ቅጽበት አይደለም።
- ማጣሪያ የሚያመጣው መዘግየት። ይሄንን የምንፈጥረው ራሳችን ነን፣ ትንተና ላይ።

መጠኑን አትርሱ። የአንጎል የደም ምላሽ ከሥራው በኋላ በ1 ወይም በ2 ሰከንድ ገደማ መነሣት ይጀምራል፤ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ አካባቢ ነው። የ20 ሰከንድ ብሎክ አማካይ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ የ20 ሚሊሰከንድ ስህተት እንቅልፍ ሊነሣችሁ አይገባም። ከኢኢጂ፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከሚለካው መሣሪያ፣ ጋር አጣምራችሁ ከለካችሁ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከለካችሁ ወይም የትኛው የአንጎል ክፍል ቀደመ የምትሉ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ደረጃ ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩ።

ዕቃ። አንድ ፎቶዳዮድ (ብርሃን ሲያይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትንሽ ዳሳሽ)፣ አንድ ሬዚስተር፣ ወደ መሣሪያው የትሪገር መግቢያ (ማርከር በኤሌክትሪክ ምት የሚገባበት) የሚሄድ ገመድ፣ የግፊት ማብሪያ፣ ወፍራም ጥቁር ካርቶን፣ ፕላስተር። ከፎቶዳዮድ ይልቅ ኤልዲአር፣ በብርሃን የሚለዋወጥ ሬዚስተር፣ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ብርሃን ያያል፣ ግን ቀርፋፋ ነው፤ በአሥር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶችን ከራሱ ልኬታችሁ ላይ ይጨምራል።

ጥንቃቄ፦ የትሪገር መግቢያው ስንት ቮልት እንደሚቀበል ማንዋሉ ላይ ሳታነቡ ምንም አትሰኩ። ብዙዎቹ 5 ቮልት ይላሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ይህን ሙከራ ስትሠሩ ኦፕቶዶቹ፣ ማለትም ብርሃን የሚልኩትና የሚቀበሉት ጫፎች፣ በሰው ራስ ላይ መሆን የለባቸውም።

ትክክለኛው የናሙና ፍጥነት። ሶፍትዌሩ ስክሪን ላይ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጠጋጋ ነው። መሣሪያው በሰከንድ 7.8125 እየለካ ስክሪኑ 7.81 ሊል ይችላል። ያቺ ቅንጣት ምን ታመጣለች አትበሉ፦ በ20 ደቂቃ 9375 ፍሬም ይቀዳል። ያንን ለ7.81 ብታካፍሉት 1200.38 ሰከንድ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያሉት ማርከሮች ሲሶ ሰከንድ ከሚበልጥ ጊዜ ተሳሳቱ ማለት ነው። ቁጥሩን ከፋይሉ ውስጥ አውጡ፤ ከስክሪን አትገልብጡ።

ኮምፒውተሩ። ከልኬቱ በፊት እነዚህን አጥፉ፦ ሰዓትን በኢንተርኔት በራሱ የሚያስተካክለውን፣ አፕዴት፣ የስክሪን መጥፋትና እንቅልፍ፣ ኃይል ቆጣቢ ሁነታ። የመጀመሪያው በተለይ አደገኛ ነው። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ልኬቱ መሃል ሰዓቱን በአንዴ ሊያዘልለው ይችላል። የማነቃቂያ ፕሮግራማችሁን፣ ለተሳታፊው ምስልና ድምፅ የሚያቀርበውን፣ ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ የግድግዳ ሰዓት፣ ማለትም የኮምፒውተሩን የቀን ሰዓት፣ አትጠቀሙ፤ ወደፊት ብቻ የሚቆጥረውን ተጠቀሙ። በፓይተን ፐርፍ ካውንተር የሚባለው ነው። ማነቃቂያ ማሳያ የሆነው ሳይኮፓይም የራሱ እንዲህ ያለ ሰዓት አለው።

መብራት። ክረምት ላይ በሥራ መሃል መብራት ድርግም ማለቱ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ላፕቶፕና የኤፍኒርስ ባትሪ ይቀጥላሉ፤ ማነቃቂያውን የሚያሳየው ዴስክቶፕ ግን ይጠፋል። ተነሥቶ ሲመለስ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። ዩፒኤስ ከሌለ ሁሉንም በላፕቶፕ ሥሩ። ተሳታፊው ከአዘዞ ድረስ ተነሥቶ መጥቶ "ነገ ተመለስ" ከማለት ይሻላል።

ማስታወሻ ደብተር። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ፋይል ያሳበደ ነገር ነው። ረዳቱ "8:20 ጀመረ" ብሎ ይጽፋል፤ ፋይሉ ላይ ያለው 14:20 ነው። ሌላኛው ረዳት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር 8:20 ብሎ ጽፏል፣ የጠዋቱን። ከሁለት ወር በኋላ ማን የቱን እንደጻፈ የሚያስታውስ የለም። ቀኑም ያው ነው፤ አንዱ በኢትዮጵያ፣ አንዱ በጎርጎርዮስ። ደብተሩ ላይ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን ብቻ ጻፉ፣ ባለ 24 ሰዓቱን። የሁሉም ኮምፒውተር የሰዓት ቀጠና የኢትዮጵያ፣ ማለትም ሲደመር 3፣ መሆኑን እዩ። አንዳንድ ላፕቶፕ ከውጭ እንደመጣ የሌላ አገር ቀጠና ይዞ ነው የሚኖረው።

ማነቃቂያው። የድምፅ ፋይሎችን ከኤምፒ3 ወደ ዌቭ ቀይሩ፤ ኤምፒ3 ፊቱ ላይ ጸጥታ ይጨምራል። የአማርኛ ቃላት ካስቀዳችሁ ቃሉ የሚጀምርበትን ነጥብ በሞገዱ ላይ አይታችሁ ከፊት ያለውን ዝምታ ቁረጡ። ብሉቱዝ ማዳመጫ ጭራሽ አይታሰብም፤ ባለ ገመድ ይሁን። ምስልና ጽሑፍ ሁሉ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይጫን፤ ማርከር ከተላከ በኋላ ፋይል ከዲስክ የሚከፍት ፕሮግራም ጂተር ይፈለፍላል።

## ደረጃ 2፦ ስክሪኑን ከማርከሩ ጋር ለኩ

ማርከሩ ሲላክ ምስሉ ስክሪን ላይ ወጥቷል ብላችሁ አትመኑ። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው ምስል የሚቀይረው። ላይኛው ጠርዝም ከታችኛው ይቀድማል።

1. ፎቶዳዮዱን ምስሉ በሚወጣበት ከፍታ ላይ፣ በስክሪኑ ጠርዝ በኩል በፕላስተር ለጥፉ። ከላይ በጥቁር ካርቶን ሸፍኑት፤ የክፍሉ መብራት እንዳያሳስተው።
2. የፎቶዳዮዱን ውጤት ወደ ትሪገር መግቢያው ሁለተኛ መስመር አስገቡ። የሶፍትዌሩ ማርከር ቁጥር 1፣ የፎቶዳዮዱ ቁጥር 2 ይሁን።
3. ፕሮግራሙ ምስሉ በሚወጣበት ቅጽበት ፎቶዳዮዱ ባለበት ቦታ ነጭ ካሬ እንዲያወጣ አድርጉ። ሌላው ነገር እንደ እውነተኛው ሙከራ ይሁን።
4. 100 ጊዜ ብልጭ አድርጉ። በመካከል ያለው ክፍተት እኩል አይሁን። ከ1 እስከ 2 ሰከንድ በዘፈቀደ ይለዋወጥ።
5. ለእያንዳንዱ ጥንድ የቁጥር 2ን ሰዓት ከቁጥር 1 ሰዓት ጋር አነጻጽሩ። አማካዩን ያዙ።

አራተኛው ላይ ለምን እንዲህ ጠበቅ አልኩ? መሣሪያው በሰከንድ 10 ፍሬም የሚቀዳና ማርከርን በፍሬም የሚመዘግብ ከሆነ ከ100 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነገር በአንድ ልኬት አያይም። ክፍተቱ ልክ 1 ሰከንድ ከሆነ ሁሉም ብልጭታ ፍሬሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ መቶው ልኬት እንደ አንድ ልኬት ይሆናል። ክፍተቱ ከተለዋወጠ ግን አማካዩ እውነቱን ያወጣዋል። ለምሳሌ ከ100 ጥንድ 70ው ልዩነት 0፣ 30ው ልዩነት 100 ሚሊሰከንድ ቢያሳዩ እውነተኛው መዘግየት 30 ሚሊሰከንድ ነው።

በዚሁ ምሳሌ መደበኛ ልይይቱን ብታሰሉ 46 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመጣል። አትደንግጡ። ያ የፍሬሙ መጠጋጋት ያመጣው እንጂ የስክሪኑ ጂተር አይደለም። መጨነቅ ያለባችሁ ልዩነቶቹ 0፣ 100፣ 200፣ 300 እያሉ ሲበታተኑ ነው። ያኔ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ የሚሠራው ሌላ ነገር አለ።

ማርከር 1 አንዳንዴ ቢጠፋስ? የትሪገሩ ምት አጥሯል። መሣሪያው ትሪገርን በየፍሬሙ ብቻ የሚያይ ከሆነ የ1 ሚሊሰከንድ ምት በሁለት ፍሬም መሃል ሾልኮ ያልፋል። ምቱን ከአንድ ፍሬም ርዝመት አስበልጡት።

## ደረጃ 3፦ ማርከሩን ከብርሃኑ ጋር ለኩ

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደረጃ 2 የሚነግራችሁ በትሪገር መግቢያው ያለፉ ሁለት ነገሮችን ልዩነት ብቻ ነው። የብርሃኑ ዳታ ግን በሌላ መንገድ ያልፋል፤ ይጠራቀማል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ የጊዜ ማኅተም ይመታበታል። በኤልኤስኤል፣ የብዙ መሣሪያዎችን ዳታ በኔትወርክ አንድ ላይ በሚቀዳው ሶፍትዌር፣ የምትቀዱ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያገባችኋል። ኤልኤስኤል የኮምፒውተሮቹን ሰዓት ያስማማል፤ መሣሪያው ውስጥ የቆየውን ጊዜ ግን አያውቅም።

1. ከምንጮቹ የመጀመሪያ ሆኖ የሚበራውን ምንጭና አንድ ተቀባይ ውሰዱ። ቁጥሩን መዝግቡ፤ ደረጃ 7 ላይ ይፈለጋል።
2. ሁለቱን በወፍራም ነጭ ስፖንጅ ግራና ቀኝ አስቀምጡ። ስፖንጁ ብርሃኑን ያደክመዋል፤ ያለሱ ተቀባዩ ይታወራል። በተቀባዩና በስፖንጁ መሃል ካርቶን የሚያልፍበት ስንጥቅ ተዉ።
3. የግፊት ማብሪያውን ከስንጥቁ ሥር አስተካክሉ፤ ካርቶኑ ወርዶ ብርሃኑን ሲጋርድ በዚያው ቅጽበት ማብሪያውን ይምታ። ማብሪያው ማርከር ይልካል።
4. ክፍሉን አጨልሙ። 50 ጊዜ፣ በተለዋዋጭ ክፍተት፣ ካርቶኑን ቶሎ ቶሎ አውርዱ።
5. ብርሃኑ መውደቁ የታየበትን የመጀመሪያ ፍሬም ሰዓት ከማርከሩ ጋር አነጻጽሩ።

ጥንቃቄ፦ ወደ ምንጩ ቀጥ ብላችሁ አትዩ። መሣሪያው ሌዘር ከሆነ በፍጹም። ብርሃኑ አይታይም ማለት ዓይን አይጎዳም ማለት አይደለም።

እዚህ አንድ ቅናሽ አለ። ብርሃኑ የወደቀው በሁለት ፍሬም መሃል ነው፤ እናንተ ግን ያያችሁት ተከታዩ ፍሬም ላይ ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ግማሽ ፍሬም ቀንሱ። አማካዩ 210 ሚሊሰከንድ ከሆነና ፍሬሙ 100 ከሆነ፣ 210 ሲቀነስ 50፣ ማለትም 160 ሚሊሰከንድ ነው። ማርከሩም እንደዚሁ ወደ ተከታዩ ፍሬም እየተገፋ የሚመዘገብ ከሆነ ግን አትቀንሱ፤ ሁለቱ ግማሾች ይጣፋሉ።

አሁን ሁለቱን ደምሩ፦ የስክሪኑ 30 እና የብርሃኑ 160፣ በድምሩ 190 ሚሊሰከንድ። ማርከሩ ወደ ፊት የሚገፋው በዚህ መጠን ነው። ምልክቱን፣ ሲደመር ወይስ ሲቀነስ የሚለውን፣ ደብተር ላይ በቃላት ጻፉት፦ "ብርሃኑ ከማርከሩ ይዘገያል፣ ማርከሩ ላይ ይደመር"። ቁጥር ብቻ ከጻፋችሁ ከወር በኋላ በተቃራኒው ታደርጉትና ስህተቱን እጥፍ ታደርጉታላችሁ።

ሶፍትዌር፣ ስክሪን፣ የፍሬም ፍጥነት ወይም የምንጭ ብዛት በተቀየረ ቁጥር ደረጃ 2ና 3 እንደ አዲስ ይሠራሉ። አሮጌ ቁጥር አትውረሱ።

## ደረጃ 4፦ በልኬቱ ቀን

ካፑን ስታስተካክሉ ሹሩባ ለተሠራች ተሳታፊ ጊዜ ስጡ። ጸጉሩን ከየኦፕቶዱ ሥር ገለጥ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ተቻኩላችሁ ካለፋችሁት ደካማው ሲግናል በኋላ "የጊዜ ችግር" መስሎ ይመጣል።

ከዚያ፦

1. ሙከራው ከመጀመሩ በፊት 5 የማመሳሰያ ምት ላኩ፣ ክፍተታቸው የማይመሳሰል። ለምሳሌ 1.3፣ 2.1፣ 1.7፣ 2.6 ሰከንድ።
2. ሙከራው ሲያልቅ እነዚያኑ 5 ምቶች ድገሙ።
3. እያንዳንዱ ምት በሁለቱም በኩል ይመዝገብ፦ በኤፍኒርስ ፋይሉና በማነቃቂያው ኮምፒውተር ሎግ (ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈው የክስተቶች መዝገብ)።
4. ቀረጻውን አቁማችሁ አትቀጥሉ። መቆም ግድ ከሆነ አዲስ ፋይል ክፈቱና ምቶቹን እንደገና ላኩ።

ክፍተታቸው ለምን የማይመሳሰል ሆነ? አንዱ ምት ቢጠፋ የትኛው እንደጠፋ ከክፍተቱ ታውቃላችሁ።

መብራት መሃል ላይ ከጠፋ፦ ኤፍኒርሱ እየቀዳ ከሆነ አታቁሙት። ዴስክቶፑ ሲነሣ መጀመሪያ 5ቱን ምት ላኩ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ያ ፋይል ከዚህ በኋላ ሁለት ክፍል ነው። ለየክፍሉ የየራሱ መስመር ይሠራለታል። በአንድ መስመር ልትገጥሙት ብትሞክሩ ሁለቱንም ታበላሻላችሁ።

## ደረጃ 5፦ ፍሬሞቹን ቁጠሩ

ምንም ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት። በሰከንድ 10 ፍሬም፣ 1200 ሰከንድ፤ 12000 ፍሬም መኖር አለበት። 11968 ካገኛችሁ 32 ጠፍቷል፣ ማለትም 3.2 ሰከንድ። ተበታትነው ከጠፉ መፈናቀሉ ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ መጨረሻ ላይ 3.2 ሰከንድ ይደርሳል። ባንድ ቦታ ከጠፉ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ምላሽ ሁሉ 3.2 ሰከንድ ቀድሞ የመጣ ይመስላል። መግቢያው ላይ ያልኩት "ሳይጀመር የሚወጣ" ሲግናል አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

- መሣሪያው የፍሬም ቁጥር የሚጽፍ ከሆነ ቁጥሩ የሚዘልበትን ፈልጉ።
- ካልጻፈ በማርከሮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ከሎጉ ጋር አነጻጽሩ። በድንገት ያጠረው ክፍተት ውስጥ ነው የጠፋው።
- ክፍተቱን ባዶ እሴት አስገቡበት። ሁለቱን ጫፍ አትስፉ።
- የአንድ ሁለት ፍሬም ጉድለትን በግምት መሙላት ይቻላል። ከዚያ ከበለጠ በዚያ ቦታ ያለውን ሙከራ ጣሉት።

የስኒርፍ፣ ማለትም የኤፍኒርስ ዳታ የጋራ ቅርጸት፣ ፋይል ለምትጠቀሙ አንድ ወጥመድ አለ። ቅርጸቱ ጊዜን በሁለት መንገድ መጻፍ ይፈቅዳል፦ የእያንዳንዱን ፍሬም ሰዓት አንድ በአንድ፣ ወይም መነሻና የእርምጃ ርዝመት ብቻ። በሁለተኛው መንገድ የተጻፈ ፋይል የጠፋ ፍሬም አያሳይም፤ ሁሉም እኩል የተደረደረ ይመስላል።

## ደረጃ 6፦ መስመሩን ግጠሙ

በቅድሚያ ይህ ደረጃ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ እዩ። ማርከሮቻችሁ ሁሉ በገመድ ቀጥታ ወደ ኤፍኒርሱ የሚገቡ ከሆነና ከሎጉ ምንም የምትወስዱት ሰዓት ከሌለ ማርከሩ ራሱ በብርሃኑ ሰዓት ላይ ነው፤ ድሪፍት የለም። ወደ ደረጃ 7 እለፉ። የመልስ ሰዓት፣ የድምፅ መጀመሪያ ወይም ሌላ ነገር ከሎጉ የምትወስዱ ከሆነ ግን ቆዩ።

1. ሁለት ዓምድ ሥሩ፦ የእያንዳንዱ ምት ሰዓት በሎጉ፣ የዚያው ምት ሰዓት በኤፍኒርሱ።
2. ልዩነታቸውን (የኤፍኒርሱ ሲቀነስ የሎጉ) በጊዜ ቅደም ተከተል በግራፍ አስቀምጡ፤ መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት።
3. ለሁለቱ ዓምዶች ቀጥ ያለ መስመር ግጠሙ። መነሻው ቋሚ ልዩነቱ ነው፤ ተዳፋቱ ከ1 የሚለይበት መጠን ድሪፍቱ ነው።
4. ከሎጉ የምትወስዱትን ሰዓት ሁሉ በዚህ መስመር ወደ ኤፍኒርስ ሰዓት ቀይሩ።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ምት በሎጉ 10.000፣ በኤፍኒርሱ 14.320። የመጨረሻው በሎጉ 1210.000፣ በኤፍኒርሱ 1214.380። ሎጉ 1200 ሰከንድ ሲቆጥር ኤፍኒርሱ 1200.060 ቆጠረ። ተዳፋቱ 1.00005 ነው። በሎጉ 610.000 ላይ ያለ መልስ ታዲያ 14.320 ላይ 600.030 ተደምሮ 614.350 ይሆናል። የሁለት ምት ምሳሌ ነው፤ እናንተ ሁሉንም ምቶች ተጠቀሙ።

ሁለተኛውን ትእዛዝ ያስገባሁት በምክንያት ነው። ግራፉ ራሱ በሽታውን ይናገራል፦

- ጠፍጣፋ መስመር፦ ድሪፍት የለም፣ ቋሚ ልዩነት ብቻ።
- ቀስ እያለ የሚያዘነብል መስመር፦ ድሪፍት።
- በአንዴ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ፦ ፍሬም ጠፍቷል። ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።
- በአንዴ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚዘል ትልቅ ደረጃ፣ ፍሬም ሳይጎድል፦ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን በራሱ አስተካክሏል፣ ወይም ተነሥቷል።
- የሚበታተን ደመና፦ ጂተር። መስመሩ አያድነውም።

ደረጃ ባለበት ግራፍ ላይ መስመር መግጠም ክፉ ነው። ኮምፒውተሩ እሺ ብሎ ተዳፋት ያወጣላችኋል፤ ቁጥሩም ያምራል።

## ደረጃ 7፦ የቻናል ተራ

ምንጮቹ እንደ ክፍል ስም ጥሪ በየተራ ነው የሚበሩት። በሰከንድ 62.5 ጊዜ ተራ የሚቀይርና 8 ምንጭ ያለው መሣሪያ አንዱን ዙር በ128 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የእያንዳንዱ ተራ 16 ሚሊሰከንድ ነው። የ8ኛው ምንጭ ቻናል ከ1ኛው በ112 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይለካል፤ ፋይሉ ግን ለሁለቱም አንድ ሰዓት ይጽፋል።

ይህ ያስጨንቃል ወይ? እንደ ጥያቄያችሁ ነው። በ0.1 ኸርዝ ላለው ቀርፋፋ ሞገድ 112 ሚሊሰከንድ 4 ዲግሪ ብቻ ነው። ለልብ ምት ግን፣ በደቂቃ 60 ብንል፣ 40 ዲግሪ ነው። የብሎክ አማካይ የምትሠሩ ከሆነ እለፉት። በቻናሎች መሃል ማን ቀደመ የምትሉ ከሆነ፣ ወይም የልብ ምቱን ራሱን የምትጠቀሙ ከሆነ፦

1. ከማንዋሉ የምንጮቹን የመብራት ቅደም ተከተል አውጡ። በቁጥራቸው ይበራሉ ብላችሁ አትገምቱ። ሁለት ምንጮች አብረው የሚበሩባቸውም መሣሪያዎች አሉ።
2. ሁለቱ የሞገድ ርዝመቶች፣ ለምሳሌ 760 እና 850 ናኖሜትር፣ አብረው ነው የሚበሩት ወይስ በየተራ? በየተራ ከሆነ ማስተካከያው ወደ ሄሞግሎቢን ከመቀየሩ በፊት መሠራት አለበት።
3. የሬግሬሽን ሞዴል የምትጠቀሙ ከሆነ ለየቻናሉ የማርከሩን ሰዓት በመዘግየቱ መጠን ቀንሱ። ዘግይቶ የተለካ ቻናል ክስተቱን ቀድሞ የመጣ አስመስሎ ነው የሚያሳየው። ለ8ኛው ምንጭ 0.112 ሰከንድ ይቀነሳል።
4. ዳታውን ማንቀሳቀስ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቻናል ለቻናል ትስስር ስታሰሉ፣ ግልባጩ ላይ ብቻ በስፕላይን (በነጥቦች መሃል ለስላሳ መስመር በሚያሰምር ስሌት) አንቀሳቅሱ፤ ጥሬው ይቀመጥ።

ደረጃ 3 ላይ የመጀመሪያውን ምንጭ ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። የሌላ ምንጭ ከሆነ የተራው ጊዜ 160ው ውስጥ ተደብቆ ገብቷል፤ እዚህ ሁለት ጊዜ ትቆጥሩታላችሁ።

## ደረጃ 8፦ ማጣሪያው

እስካሁን በሚሊሰከንድ ስንለካ ቆየን። እዚህ አንድ ግድየለሽ ምርጫ ብቻውን 5 ሰከንድ ያመጣል። ባለ 101 ነጥብ ኤፍአይአር ማጣሪያ (እያንዳንዱን ነጥብ ከ101 ናሙናዎች አመዛዝኖ የሚያሰላ) በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሮጥ ሲግናሉን በ50 ናሙና ያዘገየዋል፤ በሰከንድ 10 ከሆነ 5 ሰከንድ። የምላሹ ጫፍ በ6ኛው ፋንታ በ11ኛው ሰከንድ ይታያል። ወደ ኋላ ብቻ የሚያይ የ5 ሰከንድ ተንሸራታች አማካይም 2.5 ሰከንድ ገደማ ያዘገያል።

- ለተቀዳ ዳታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሮጥ ማጣሪያ ተጠቀሙ። መዘግየቱ ይጠፋል።
- እሱም ግን ዋጋ አለው። ምላሹን ወደ ኋላም ያፈስሰዋል። በኃይል ካለሰለሳችሁ ሲግናሉ ከማርከሩ ጥቂት ቀድሞ የሚነሣ ይመስላል። የመነሻ ቅጽበት የምትፈልጉ ከሆነ ቀለል ያለ ማጣሪያ ምረጡ።
- ለተሳታፊው ወዲያው ውጤት የምታሳዩ ከሆነ ወደ ኋላ መሮጥ አይቻልም። የማጣሪያውን መዘግየት አስልታችሁ ማርከሩ ላይ ደምሩ።

## ደረጃ 9፦ ተግብሩና ፈትሹ

1. ጥሬውን ፋይል ለንባብ ብቻ አድርጉና ወደ ጎን አስቀምጡት።
2. ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የጠፉ ፍሬሞች፣ ከዚያ መስመሩ፣ ከዚያ ቋሚው መዘግየት፣ በመጨረሻ የቻናል ተራ።
3. አዲሶቹን ማርከሮች በሰከንድ ጻፉ፣ በናሙና ቁጥር ሳይሆን። በአሮጌው የሆመር (የኤፍኒርስ መተንተኛ ሶፍትዌር) ፋይል ማርከር የሚቀመጠው ናሙና ላይ ስለሆነ በሰከንድ 10 ከሆነ እስከ 50 ሚሊሰከንድ ይጠጋጋል። ስኒርፍ በሰከንድ ይቀበላል።
4. ፋይሉ ውስጥ "ተስተካክሏል፣ በ190 ሚሊሰከንድ" ብላችሁ ማስታወሻ አስገቡ። ሁለት ሰው በአንድ ፋይል ላይ ሲሠራ ሁለት ጊዜ የሚደመር ማስተካከያ ያጋጥማል።
5. የደረጃ 3ን የካርቶን ፋይል በዚሁ መንገድ አሳልፉት፤ ስክሪን ስላልነበረበት ግን በ190 ሳይሆን በ160ው ብቻ፣ የግማሽ ፍሬሙን ቅናሽም ሳትረሱ። የተረፈው ልዩነት ወደ ዜሮ ካልቀረበ ምልክቱ ተገልብጧል።
6. አንድ ተሳታፊ በቀኝ እጁ ጣት ያንቀሳቅስ፣ በግራ ሞተር ኮርቴክስ ላይ እዩ። ምላሹ ከማርከሩ በኋላ ተነሥቶ በ5ኛውና በ6ኛው ሰከንድ አካባቢ ጫፍ መድረስ አለበት።

ስድስተኛው ፍተሻ ነው እንጂ መለኪያ አይደለም። "ጫፉ 7 ላይ መጣ፣ ስለዚህ 1.5 ሰከንድ ልቀንስ" አትበሉ። ሰው ከሰው፣ ቦታ ከቦታ ይለያያል። በምላሹ ሰዓቱን አስተካክላችሁ፣ በዚያው ሰዓት ደግሞ ምላሹን ልትለኩ ነው፤ ይሄ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

## አሁንም ካልሆነ

ሁሉም ቻናል እኩል ተፈናቅሏል። የቋሚው መዘግየት ምልክት ተገልብጧል፣ ወይም ማጣሪያው በአንድ አቅጣጫ ሮጧል።

መጀመሪያ ላይ ደህና፣ መጨረሻ ላይ የተበላሸ። የናሙና ፍጥነቱ ተጠጋግቷል ወይም ድሪፍት አለ። ደረጃ 1ን አስቀድሙ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የአንድ ተሳታፊ ፋይል ብቻ ነው የተበላሸው። ፍሬም ቁጠሩ። ሙሉ ከሆነ ደብተሩ ላይ መብራት ስለመጥፋቱ የተጻፈ ነገር ፈልጉ።

ማርከሮቹ በትክክል 6 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ተለያይተዋል። የመጀመሪያው የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ነው፤ አንዱ ፋይል በዓለም አቀፉ ሰዓት ተጽፏል።

የመጨረሻዎቹ ምቶች የሉም። ሙከራው ተቋርጧል፣ ወይም ረዳቱ ረስቷል። በመሃል ያሉት የሙከራ ማርከሮች በሁለቱም በኩል ካሉ መስመሩን በእነሱ ግጠሙ። እነሱም ከሌሉ በዚያው ሳምንት በእነዚያው ሁለት ኮምፒውተሮች ከተቀዳ ሌላ ፋይል ተዳፋቱን ተዋሱ፤ መነሻውን ግን ከዚሁ ፋይል የመጀመሪያ ምቶች ውሰዱ። ድሪፍት በሙቀት ስለሚለዋወጥ ይህ ግምት ነው፤ በጽሑፋችሁ የአሠራር ክፍል ላይ ግምት መሆኑን ግለጹ።